የመኪናዬን ቁልፍ ለባለቤቴ የሰጠሁበት ሰኞ

ድሬዳዋ–ሐረር መስመር ላይ ሀይሩፍ ሚኒባስ እነዳለሁ። 19 ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ዓመት አንድ የበሰበሰ መንጋጋ መንገዱን መራራ አደረገብኝ።

የግራው የታችኛው ነው። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሕመሙ ከጥርሱ ይነሳና ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። ቀን ቀን ትንሽ ይሻለኛል። ማታ ግን፣ ያውም በድሬ ሙቀት፣ ገና ጋደም ስል ይጀምረኛል። ተቀምጦ ማደር ለመድኩ። ቅርንፉድ ነከስኩ። ነጭ ሽንኩርት ያዝኩበት። በሞቀ ውኃና ጨው ተጉመጠመጥኩ። ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ እየዋጥኩ ጨጓራዬን አቃጠልኩት። ረዳቴ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ቅርንፉድ በወረቀት ጠቅልሎ ይይዝልኝ ነበር። አወዳይ ስንደርስ ሳልጠይቀው ይሰጠኛል።

ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ። «ሂድና አስነቅለው፣ ትገላገላለህ።» እውነታቸውን ነው። ግን አልሄድኩም። ገንዘብ አጥቼ አይደለም። ጊዜ አጥቼም አይደለም። ፈርቼ ነው። ይህን ቃል ለባለቤቴ እንኳ ለመናገር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዛሬ የምጽፈው እንደኔ ፈርተው ለተቀመጡ ነው። የጥርስ ሐኪም ፍርሃት መላ አለው። መላውም አንድ ብቻ አይደለም። ይህን ቀደም ብዬ ባውቅ ኖሮ የተረፉልኝ ጥርሶች ይበዙ ነበር።

ፍርሃቱ የጀመረኝ በ17 ዓመቴ ነው። የት እንደነበረ አልጽፍም። ጉንጬ አብጦ ሄድኩ። ሰውየው መርፌ ወጋኝ። መርፌውን ያስቀመጠበት እጅ ወዲያው ጉጠት ይዞ ተመለሰ። አልደነዘዘኝም። ነገርኩት። «ይደነዝዛል» አለኝና ቀጠለ። ስጮህ ሌላ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘው። የእጁ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የላስቲክ ጓንትና አልኮል። «ወንድ ልጅ አይደለህ እንዴ?» አለኝ። ጥርሱ ወጣ። እኔ ግን ከዚያ ወንበር በደንብ ሳልነሳ 28 ዓመት አለፈ።

በመሃል አንዴ ሳቢያን አካባቢ አንድ ክሊኒክ ድረስ ሄጄ ነበር። ተራዬን እየጠበቅኩ ከውስጥ የመሰርሰሪያው ድምፅ መጣ። ላብ በላብ ሆንኩ። ተነስቼ ወጣሁ።

ከዚያ በራሴ መላ መታሁ። መርቀን ካልኩ አይሰማኝም አልኩ። ይህ ሐሳብ የእኔ ብቻ አይደለም። መናኸሪያ ውስጥ ስንት ሾፌር እንዲህ ሲል ሰምቻለሁ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ ከጓደኞቼ ጋር በርጫ ተቀመጥኩ። 9 ሰዓት ላይ ተነሳሁና ባጃጅ ይዤ ከዚራ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ገና ወንበሩ ላይ ሳልወጣ ግፊቴን ለካች። 182 በ112። ትንሽ ጠበቀችና ደገመችው። ያው ነው።

«ጋሼ፣ ጫት ቅመዋል?»

«አልቃምኩም።»

ዝም ብላ አየችኝ። ምላሴን አይታዋለች።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና አስረዳችኝ። ጫት የልብ ምት ያፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል። ጥርስ የሚያደነዝዘው መርፌ ውስጥ ደግሞ ሊዶካይን ከሚባለው ማደንዘዣ ጋር ብዙ ጊዜ ትንሽ አድሬናሊን አለ። የደም ሥሩን አጥብቦ ማደንዘዣው ቶሎ እንዳይወሰድ የሚያደርገው እሱ ነው። አድሬናሊኑም በራሱ ልብ ያስመታል። በዚያ ላይ የፈራ ሰው ሰውነት የራሱን አድሬናሊን ይረጫል። «ሦስቱ አንድ ላይ እንዲመጡብዎት አልፈልግም» አለች። ግፊት 180 በ110 ከደረሰ የማያስቸኩል ጥርስ አትነካም። እብጠቱ ወደ አገጭ ሥር ወርዶ መዋጥ ወይም መተንፈስ ቢያስቸግረኝ ግን ቀጠሮ ሳልጠብቅ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ አስጠነቀቀችኝ። ለጨጓራዬ የማይከብድ ማስታገሻ ጻፈችልኝ።

«ረቡዕ ይምጡ» አለች። «ረቡዕ ምንም አልነካዎትም። እናወራለን ብቻ።»

እንደገና እንድሄድ ያደረገችኝ ያቺ «ምንም አልነካዎትም» የምትለው ቃል ናት።

ረቡዕ ከባለቤቴ ጋር ሄድኩ። ሐኪሟ ወረቀት ይዛ ትጠይቀኝ ጀመር። ስኳር አለ? አስም? ጉበት፣ ኩላሊት? የሚወስዱት መድኃኒት? ከዚያ «ያንኮራፋሉ?» አለችኝ። ለጥርስ ማንኮራፋት ምን ያደርጋል ብዬ ልመልስ ስል ባለቤቴ ቀደመችኝ። «ያንኮራፋል። አንዳንዴ ትንፋሹ ቀጥ ይላል። እኔ ነኝ ነቅንቄ የማስነሳው።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እንደገና እንድትነግራት ጠየቀቻት። በሌሊት ስንቴ? ቀን ቀን እንቅልፍ ይይዘዋል? እኔ ወሬው አሳፍሮኝ ነበር። እሷ ግን ይህን ጥያቄ አትለፉት የምትል ይመስል ብዙ ቆየችበት። ምክንያቱን ኋላ ገባኝ። የሚያረጋጉ መድኃኒቶች የጉሮሮን ጡንቻ ያላላሉ፣ ትንፋሽ ያዘገያሉ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ላይ ይህ አደጋ ነው። እኔ አንገተ ወፍራም ነኝ፣ ሆዴም ወጣ ብሏል። እንደኔ ያለውን ሰው ሳይጠይቁ ክኒን የሚሰጡ ካሉ እግዜር ይጠብቃችሁ።

ከዚያ ወደ ጫቱ መጣን። አሁን ዋሽቼ ምን ላገኝ ነው? ሁሉንም ዘረገፍኩት። በሳምንት ሦስት አራት ቀን እቅማለሁ። ቅዳሜ ማታ ጨብሲ አለ፣ ሁለት ሦስት ቢራ። አንዳንዴ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጓደኛዬ ከሚወስደው የእንቅልፍ ክኒን ሰጥቶኝ ውጬ አውቃለሁ። ጥርሱ ሲብስብኝ ትራማዶል የሚባለውን ኃይለኛ ማስታገሻም ወስጃለሁ።

ይቺን ክፍል ድሬና ሐረር ያላችሁ ሁሉ በደንብ አንብቡልኝ። አልኮል፣ የእንቅልፍ ክኒን፣ ትራማዶል፣ ሦስቱም የአንጎልን ሥራ ዝቅ የሚያደርጉ፣ ትንፋሽ የሚያዘገዩ ናቸው። የጥርስ ሐኪም የሚያዘው ማረጋጊያ ክኒንም ያው ነው። ሰው በምርቃና ላይ ጨብሲ ጨምሮ፣ በዚያ ላይ «ለነገ ጥርስ» ተብሎ የተሰጠውን ክኒን ከዋጠ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ጫቱ የሚያነቃቃ ስለሆነ መድኃኒቱን ያጠፋዋል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ጫቱ ሲበርድ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገና አለ። «ይህን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» አለችኝ ሐኪሟ። እኔ ስድብ ነበር የጠበቅኩት።

ድሬ ውስጥ ሁላችንም አንተ አንቺ ነው የምንባባለው። እሷ ከሌላ አገር ስለመጣች በአንቱታ ነው የያዘችኝ። ያን ቀን ስንለያይ ግን «በል አንተ፣ እስከ ሰኞ ጫት የለም» አለችኝ። ደስ አለኝ።

አማራጮቹን የነገረችኝ ያኔ ነው። ማታ ደግሞ ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። ሰመመን ሰጪ ናት፣ በሌላ ከተማ ሆስፒታል ትሠራለች። «ጋሼ፣ አንተ ጥርስ ልትታከም?» ብላ መጀመሪያ እልል አለችልኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አስረዳችኝ። የሁለቱን ቃል አቀላቅዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልናገር። ማረጋጊያና ማደንዘዣ ለየቅል ናቸው። ማረጋጊያው የሚወስደው ጭንቀቱን ነው። ሕመሙን የሚወስደው ድድ ላይ የሚወጋው ማደንዘዣ ነው። ማረጋጊያ ወስደህም መርፌው አይቀርልህም። መርፌው ግድ የማይሰጥህ ትሆናለህ እንጂ።

ለእኔ በጣም የሚስማማኝ ጋዙ ነበር። ናይትረስ ኦክሳይድ ይባላል፣ የሚያስቅ ጋዝ የሚሉት ነው። አፍንጫ ላይ ትንሽ ጭንብል ይደረጋል። ጋዙ ከኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ ይመጣል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰውነት ይቀላል፣ እጅና እግር ይነዝራል፣ ነገሩ ሁሉ የሩቅ ይመስላል። ግን አትተኛም። ትሰማለህ፣ ትመልሳለህ። ሲያበቃ አምስት ደቂቃ ያህል ንጹህ ኦክስጅን ትስባለህና ጋዙ ይወጣል። ብዙ አዋቂ ሰው ከዚያ በራሱ እግር ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንደኔ በመሪ ለሚተዳደር ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። አፍንጫው በጉንፋን የተዘጋ ሰው ግን አይሆንለትም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ላይ ላለች ሴትም አይመከርም። የቢ 12 ቫይታሚን እጥረት ያለበትም አስቀድሞ መናገር አለበት። እኔ የሄድኩበት ክሊኒክ ማሽኑ የለውም። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ ውስጥ ቁጭት ነበር። እኔም ተቆጨሁ።

የእህቴ ልጅ ስለዚህ ጋዝ የነገረችኝ ታሪክ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1844 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሃርትፎርድ በምትባል ከተማ። ሆራስ ዌልስ የሚባል የጥርስ ሐኪም የጋዝ ትርኢት ሊያይ ገባ። ያኔ ጋዙ ሰው ተሰብስቦ የሚስቅበት ነገር ነበር። ጋዙን የሳበ አንድ ሰው እግሩ ተመትቶ ሲደማ አልተሰማውም። ዌልስ ይህን አየ። በማግስቱ ራሱ ጋዙን ስቦ የራሱን መንጋጋ በባልደረባው አስነቀለ። አላመመውም። በወሩ ቦስተን ሄዶ በሐኪሞችና በተማሪዎች ፊት ሊያሳይ ሞከረ። ታካሚው መሃል ላይ ጮኸ። ተሰብሳቢው በዌልስ ላይ ተሳለቀበት። በ1846 ደግሞ ዊሊያም ሞርተን የተባለ ሌላ የጥርስ ሐኪም እዚያው ቦስተን ኤተር በሚባል ሌላ ማደንዘዣ ተሳካለት። ዛሬ ሰው ሆዱ ሲከፈት የማይሰማው፣ እናት በቀዶ ሕክምና ስትወልድ የማትሰቃየው፣ ከመነሻዎቹ አንዱ የጥርስ ወንበር ነው። እኔን የነካኝ ዌልስ ነው። ከሌላው ሰው በፊት የራሱን አፍ ከፈተ። የበሽተኛው ሕመም አሳስቦት እንጂ ሌላ ምን አለው?

ወደ ክኒኑ ልመለስ። በእኛ አገር ለብዙ ሰው የሚቀርበው ይኼ ነው። ዲያዜፓም ወይም የዚያ ወገን የሆነ መድኃኒት ነው። ከሕክምናው አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ይዋጣል። ለአንዳንዱ ደግሞ ዋዜማውን ማታም እንቅልፍ እንዲያገኝ ይሰጠዋል። ርካሽ ነው፣ መርፌ የለውም። ችግሩ ከገባ አይመለስም። ጋዝ ይዘጋል፣ ክኒን ግን ከተዋጠ በኋላ አነሰ በዛ ማለት የለም። ለአንዱ የሚበቃው ለሌላው ምንም አይለውም፣ ሦስተኛውን ቀኑን ሙሉ ያስተኛዋል። አረጋውያን ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ጥቂት ሰው ደግሞ እንዲያውም ይበረግጋል፣ ይቆጣል። ስለዚህ የታዘዘልኝን መጠን እዚህ አልጽፍም። ብዙዎች እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። ለእኔ የተሰጠኝ በእኔ አንገትና በእኔ ማንኮራፋት ልክ ነው። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ። እኔ አድርጌዋለሁ። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

በደም ሥር የሚሰጠው ሌላው ነው። ሚዳዞላም የሚባለው ይዘወተራል። በደቂቃዎች ውስጥ ይይዛል። መጠኑን ጠብ ጠብ እያደረጉ እያዩ ይጨምሩታል። ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ምንም አያስታውስም። ካለፈም ማርከሻ አለው፣ ፍሉማዜኒል ይባላል። ነገር ግን የእህቴ ልጅ ድምፅዋን ጠበቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችኝ። «ጥርሱን የሚነቅለውና ትንፋሽህን የሚጠብቀው ሰው አንድ ከሆነ እንዳትተኛ።» ኦክስጅን መኖር አለበት። ግፊትና የደም ኦክስጅን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መታየት አለበት። ትንፋሽ ቢቆም የሚያውቅበት ሰው እዚያው መቆም አለበት። እነዚህ ከሌሉ ሆስፒታል ይሻላል።

ሙሉ ሰመመን ግን የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ምግብ ከስድስት ሰዓት በፊት ይቆማል፣ ውኃ ከሁለት ሰዓት በፊት። ብዙ ጥርስ በአንዴ ለሚሠራለት፣ ወይም በሌላ መንገድ መታከም ለማይችል ሰው ነው። ለአንድ መንጋጋ አያስፈልግህም አሉኝ።

በዚያ ሁሉ ወሬ መሃል ሐኪሟን አንድ ነገር ጠየቅኳት። 28 ዓመት ሆዴ ውስጥ የነበረ ጥያቄ ነው። «ያኔ ለምን አልደነዘዘኝም? እኔ የተለየሁ ሰው ነኝ?»

«ጉንጭዎ አብጦ ነበር?» አለችኝ።

«በጣም።»

መግል የያዘ ቦታ አሲድነቱ ይጨምራል፣ ማደንዘዣው እዚያ ጉልበት ያጣል አለች። በዚያ ላይ የታችኛው መንጋጋ የሚደነዝዘው ከኋላ ነርቩ ዘንድ በሚወጋ መርፌ ነው። ደቂቃዎች ይፈልጋል። ከንፈር እስኪወፍር ይጠበቃል። ካልወፈረ ይደገማል። ሳይጠብቁ ነው የነቀሉዎት አለችኝ። «ትክክል ነበሩ። አልደነዘዘዎትም።»

እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። 45 ዓመቴ ነው። ወንድነት የጎደለኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። ባለቤቴ ነጠላዋን አቀበለችኝ።

ሰኞን የመረጥነው የጾም ቀን ስላልሆነ ነው። በባዶ ሆድ መርፌ ሲወጋ ራስን መሳት ሊመጣ ይችላል፣ ቀለል ያለ ቁርስ ብላ ተብያለሁ። ጫት ካቆምኩ አምስተኛ ቀኔ ነው። ሐራራው ከባድ ነበር። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ዱካክ መጣብኝ፣ ጮኼ ነቃሁ። ግን ቆየሁ።

ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ክኒኑን ከመዋጤ በፊት የመኪናዋን ቁልፍ ለባለቤቴ ሰጠኋት። ሐኪሟ በዚህ ቅደም ተከተል እንዳደርገው አጥብቃ ነግራኛለች። መጀመሪያ ቁልፉ፣ ከዚያ ክኒኑ። ክኒኑ ከገባ በኋላ ሰው ደህና ነኝ ብሎ ራሱን ያምናል። ቁልፍ አምጪ ብሎም ይጣላል። ዲያዜፓም ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። ቢያንስ 24 ሰዓት መንዳት ክልክል ነው፣ እኔ ሕዝብ ስለምጭን እስከ ረቡዕ ጠዋት አለችኝ። ሁለት ቀን ቢያጆ መተው ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋችው። ጨርቅ የተጠቀለለበት ነው፣ የላቤ እድፍ አለበት። ከእጄ ወጥቶ እዚያ ሲገባ አንድ ነገር ከትከሻዬ ወረደ።

በባጃጅ ሄድን። የከዚራ ዛፎች ጥላ ላይ ስንደርስ ክኒኑ ይሠራ ጀመር። ፍርሃቱ ጠፋ ማለት አልችልም። እዚያው አለ። ግን ራቅ ብሎ ቆሟል።

ግፊቴ 138 በ88 ሆኖ ተገኘ። ጣቴ ላይ የኦክስጅን መለኪያዋን ቆንጠጥ አደረጉብኝ። 96 ትላለች። ወንበሩን እንደ ሌላው ሰው አላስተኙትም፣ በማንኮራፋቴ ምክንያት ቀና እንዳልኩ ነው የተሠራልኝ። አንዲት ነርስ ያቺን ቁጥር ብቻ ታያለች። ሌላ ሥራ የላትም።

ሐኪሟ ድዴን በጥጥ አደረቀችና የሚያደነዝዝ ጄል ቀባችኝ። እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ሁለት ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ መርፌው። ፊቴ ላይ አላሳየችኝም። ገባ ሲል ትንሽ መቆንጠጥ ነበረው። መድኃኒቱን በጣም በዝግታ ነበር የገፋችው። መርፌ የሚያሳምመው ፈሳሹ በግፊት ሲገባ ነው አለችኝ፣ በዝግታ ሲገባ ሥጋው ቦታ ይሰጠዋል። ከዚያ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ምንም አልነካችም። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ።

«ከንፈርህስ?»

«ወፍሯል።»

«ጫፉስ?»

ጫፉ ገና ነበር። ደገመችኝ። እንደገና ጠበቀች። በሹል ነገር ድዴን ነካ ነካ አደረገችና ዓይኔን አየች። ከዚያ በፊት የተስማማነው አለ። ግራ እጄን ካነሳሁ ታቆማለች። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ጥርሱ ለመውጣት አንድ ትንፋሽ ቢቀረውም።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው የኮርኒሱን ማራገቢያ ነው። አንዱ ክንፉ ላይ አቧራ ነበረበት። ቀጥሎ የማስታውሰው አፌ ውስጥ ጎዝ መኖሩን ነው። ክኒኑ ማስታወስንም ያደበዝዛል ብለውኝ ነበር፣ ለእኔ መሃሉን በሙሉ ወስዶታል። የቀረውን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ጥርሱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነው የወጣው። ከ40 ደቂቃ በላይ ፈጅቷል። አንዴ እጄን አንስቻለሁ። ሐኪሟ ወዲያው አቁማ፣ ማደንዘዣ ጨምራ፣ ጠብቃ ነው የቀጠለችው። ሲያልቅ የሐኪሟን እጅ ይዤ «ጭንቅላቴን አልያዝሽኝም» አልኳት አለችኝ። ደጋግሜ እንደዚሁ አልኳት። ይህን እኔ አላስታውስም። ባለቤቴ ስትነግረኝ እሷም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ክሊኒኩ እዚያው አንድ ሰዓት አስቀመጠኝ። ቁጥሩ ታየ፣ ግፊቴ ታየ፣ ተራመድ አሉኝ። ብቻዬን ብመጣ ኖሮ ክኒኑንም አይሰጡኝም ነበር፣ አይለቁኝምም ነበር። ቀኑን ሙሉ ተኛሁ። ባለቤቴ በየመሃሉ እየመጣች ትንፋሼን ትሰማለች። በጎን አስተኝታኛለች። ጎዙን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሼ አወጣሁት። ያን ቀን ትኩስ ነገር የለም፣ መጉመጥመጥ የለም። ከማግስቱ ጀምሮ ለብ ባለ ውኃና ጨው በቀስታ። ሲጋራ የለም፣ በስትሮ መጠጣት የለም፣ ቁስሉን የሸፈነው የረጋ ደም ከተነቀለ አጥንቱ ይጋለጥና ሕመሙ ከጥርሱ ይብሳል። ጫት ደግሞ ቅጠሉ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። እስኪድን ድረስ አልቃምኩም። ከዚያ በኋላም ቀንሻለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ቁልፉን ተቀበልኩ። ደንገጎ ላይ ከጉድጓድ ጉድጓድ ገባሁ። ጆሮዬ ዝም አለ። አወዳይ ስንደርስ ረዳቴ ከልማዱ የተነሳ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፣ ከዚያ መለሰው።

ጥቅምት ላይ ሌላ ጥርስ ቀጠሮ ነበረኝ። የቀኝ የላይኛው፣ ነርቩ ታክሞ የሚሞላ። ሐኪሟ «ክኒኑን እንጻፍልህ?» አለችኝ። ሁለት ቀን ቢያጆ ከማጣ ያለሱ ልሞክር አልኳት። ብትፈልግ በመሃል ማቆም እንችላለን፣ በሌላ ቀን በክኒን እንጨርሰዋለን አለችኝ። ይህን ማወቄ ራሱ ረዳኝ። ጄሉ ተቀባ። መርፌው በዝግታ ገባ። ጠበቅን። መሰርሰሪያው ሲጀምር ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ነበረኝ፣ ግን ድምፁ በአጥንት በኩል ይመጣል። ልቤ ድው ድው አለ። ግራ እጄን አነሳሁ። አቆመች። ትንፋሽ ወሰድኩ፣ ረጅም አወጣሁ። ቀጥይ አልኳት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና አነሳሁ። ምንም አላመመኝም ነበር፣ ታቆም እንደሆነ ማየት ፈልጌ ነው። አቆመች።